የሰመራው የዓሣ ሣጥን በምን ተሰነጠቀ?

ሎጊያ ላይ ሥራ የማያጣ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ጎማ ለጣፊውንና መስታወት ገጣሚውን ፈልጉ። ጎማው በሙቀት ይፈነዳል፤ መስታወቱ ጎማው ባስፈነጠረው ድንጋይ ይረግፋል። እኔ ሁለተኛው ነኝ። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ዳር፣ በሁለት ጋራዦች መሐል ተሰንቅሬ መስታወትና አልሙኒየም እሸጣለሁ፣ እገጥማለሁም። ትምህርቴን የተከታተልኩት አዋሽ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ብርቱካን ተሸክሜ ከፉርጎ ፉርጎ ስሮጥ። እዚያ ትምህርት ቤት ፈተናው አንድ ብቻ ነበር፦ ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ ሒሳብህን መቀበል።

ከዚያ ያነሱኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። አዋሽ ውስጥ በመስታወት ሥራ የሚታወቁ፣ መቁረጫዋን አልማዝ ሲስቡ ትንፋሻቸውን የሚይዙ፣ ቆርጠው ሲጨርሱ ደግሞ እንደ ዋናተኛ ቡፍ የሚሉ ሰው። ሙያ አስተማሩኝ፣ ቤታቸው አሳደሩኝ፣ ልጃችን አሉኝ። ሎጊያ ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያውን መስታወት ከመኪና ያወረዱልኝ በራሳቸው ትከሻ ነው። አባት ሳይኖረው ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ሌላው እንዲሁ ይመነኝ።

አንድ ጠዋት ደወሉልኝ።

«ታዴ፣ ሰመራ አምና አኳሪየም የሠራሁላቸው ሆቴል አለ። ተሰነጠቀ ይሉኛል። እኔ በዚህ ጉልበቴ እዚያ እሳት ውስጥ አልገባም። አንተ ቅርብ ነህ፣ ሄደህ እየው።»

«በምን ተሰነጠቀ?»

«ሳይመታ የሚሰነጠቅ መስታወት አይተህ ታውቃለህ? ለባለቤቱም ይህንኑ ነው የነገርኩት።»

ያቺ ቃል ምን እንደሠራች ያወቅኩት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሰመራ ለኛ በባጃጅ የሚደረስ ጎረቤት ነው። የሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው ዓሊ ተቀበለኝ። ከዓሊ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለን፤ ምክንያቱ ደግሞ ዳጉ ነው። ለማታውቁት፦ የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ተባብሎ አይለያይም። ጥላ ፈልጎ ቁጭ ይልና ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ፤ ከኪስህ አትጨምርም። የነገርከው ሰው ለሌላው ያደርሳል፣ ያም ለሌላው። ስለዚህ ውሸት የተናገረ ሰው የዋሸው አንድ ሰው አይደለም፤ ከዚያ ወዲያም ዳጉ የሚጠይቀው የለም። እኔ ዳጉን የወደድኩት እንደ ነጋዴ ነበር፤ ሚሌ ላይ መንገድ መዘጋቱን፣ የትኛው መኪና መገልበጡን ዓሊ ከስልክ ቀድሞ ይነግረኛል። እኔንም ልክ እንደ አገሩ ሰው ተራዬን ጠብቆ ይጠይቀኛል። በዚህ እኮራ ነበር።

ያን ቀን ግን ዳጉ አልጠየቀኝም። «ግባ፣ ሰውየው እየጠበቀህ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

አኳሪየሙ ከእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት የተንጣለለ ነው፤ ሦስት ሰው አጋድሞ ያሳድራል። ውስጡ ከአዲስ አበባ በፌስታል ውሃ የመጡ ቀያይ ዓሦች አሉ። ከነሱ ጋር ደግሞ አንድ ከአዋሽ ወንዝ የተያዘ አምባዛ አለ፤ ጥግ ይዞ ሌሎቹን ሜኑ እንደሚያነብ እንግዳ ያያቸዋል። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ደረጀ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ እዚያ በረሃ ላይ ውሃን በመስታወት አስቀምጦ ማሳየት ከወርቅ ጥርስ የበለጠ እንደሚታይ ገብቶታል።

ስንጥቁ ከፊተኛው መስታወት የታችኛው ጠርዝ ተነስቶ ወደ ላይ ተጣሞ ወጥቷል። ውሃው ያልበዋል። ሥሩ ፎጣ ተነጥፏል።

«ማን መታው?» አልኩ።

«ሀስና ናት፣ ጽዳቷ። በመወልወያው እንጨት። መጀመሪያ አልነካሁም ብላ ነበር። ሣጥኑን የሠሩት ሽማግሌ መስታወት ሳይመታ አይሰነጠቅም ካሉኝ በኋላ ስይዛት አመነች። አጎቷ ዓሊ ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ፣ እሷም ይቅርታ ጠየቀች፣ እኔም ሰው ነኝና ይቅር አልኩ።» ጣቱን ወደ ስንጥቁ ቀሰረ። «ግን ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። ይሄ ነገር ከተስተካከለ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ካልተስተካከለ ይቅርታውም ከውሃው ጋር ይፈሳል።»

ሀስና ፎጣውን ልትጨምቅ መጣች። ቀጭን ናት፤ ከሃያ ብዙም አልዘለለችም።

«ይድናል?» አለችኝ። ስለ መስታወት እንደ በሽተኛ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ይድናል። በየት በኩል ነው የመታሽው?»

«እዚህ ጋ» ብላ መሐሉን በጣቷ አሳየችኝ። ዓይኔን ግን አላየችም።

መሐሉ ላይ ምንም የለም። የተመታ መስታወት የተመታበት ቦታ ላይ ኮከብ ይሠራል፤ ስንጥቁ ከዚያ ኮከብ ነው የሚበተነው። ይሄ ኮከብ የለውም። ከታች ነው የጀመረው፣ ምንም እንጨት ከማይደርስበት።

ወጣ ብዬ ለጋሽ በላቸው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ኮከብ የለውም።»

«ወፍራሙ መስታወት አንተ ጋ አይገኝም። ይዤ ራሴ እመጣለሁ» አሉ።

«ጉልበትዎስ?»

«መጣሁ አልኩህ እኮ።»

እሳቸው እስኪደርሱ ውሃውን ማስወጣት ጀመርን። ዓሦቹን በርሜል ውስጥ አደረግናቸውና ሙቀቱ እንዳይጨርሳቸው በረዶ የሠራ የውሃ ጠርሙስ እየቀያየርን እናንሳፍፍላቸዋለን። ቱቦውን ወደ ውጭ ስንዘረጋ የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ፤ ሰመራ ላይ ውሃ ሲፈስ ቆሞ የሚያይ ሰው አይገኝም። በርሜሉን የያዘችው ሀስና ነበረች።

«ይሄ ትልቁ ምንድን ነው የሚበላው?» አለችኝ አምባዛውን እያሳየች።

«ሌሎቹን።»

«አሃ፣ አቶ ደረጀ ነዋ» አለች። የጀሪካኑ ሰልፍ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች።

ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ወለሉ ላይ ተኝቼ በስልኬ መብራት ሥሩን አየሁ። ያየሁትን በቀላሉ ልንገራችሁ። መስኮት ስንገጥም መስታወቱ ብረት እንዳይነካ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ትንንሽ ቁራጭ እንቆርጥና ሥሩ እዚህም እዚያም እናስቀምጣለን። ለመስኮት ትክክለኛው አሠራር ነው። አኳሪየም ግን መስኮት አይደለም፤ ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ የሚቆም ነገር ሥሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ፎም ይነጠፍለታል። ይሄን እኔም ያወቅኩት የመስታወት ማጣበቂያውን ሲሊኮን የሚያቀርብልኝ ነጋዴ በወሬ መሐል ነግሮኝ ነው። እዚህ ሣጥን ሥር የተቀመጠው ጎማ ነበር። አራቱ ማዕዘን ላይ፣ አንዱም ከፊት በኩል መሐል ላይ። ስንጥቁ የጀመረው ልክ ከዚያ ከመሐለኛው ጎማ በላይ ነው። ውሃው ራሱ ሰብሮታል። ሀስና አጠገቡ ባትደርስም ይሰነጠቅ ነበር።

ጋሽ በላቸው በማግስቱ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በአይሱዙ መጡ። ሠራተኞቹን ለምሳ ሸኙና ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሣጥኑን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ልክ መስሎኝ ነው ታዴ። ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ያስቀመጥኩት በጎማ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። አምና እኔን ቢጠሩኝ እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው።» ለማጽናናት አልነበረም፤ እውነት ነው። «ግን ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ምን ሆነች? ይቅር ተብላ ሥራዋ ላይ ናት። ጎማውን እናወጣለን፣ ፎም እናነጥፋለን፣ አዲሱን መስታወት እንገጥማለን። ማን ተጎዳ?»

«ባላደረገችው ነው እኮ ይቅር የተባለችው።»

«ይቅር ተባልኩ ብሎ የሚከስ ሰው አለ?» ብርድ ልብሱን ቀስ ብለው ማጠፍ ጀመሩ። «አንተ ሱቅ አለህ። እኔ ስም ብቻ ነው ያለኝ። ከአዋሽ እስከ ሚሌ የገጠምኩት መስኮት ሁሉ ስሜ ነው። አደራ፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።»

«እሺ» አልኩ።

ከዚያ ሠራን። ቀጭን ሽቦ እሳቸው ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ይዘን የድሮውን ሲሊኮን እንደ መጋዝ ቆረጥነው። የተሰነጠቀውን አወረድን፣ ጠርዙን በምላጭ ፍቀን በአልኮል አጠብን። ወጥ ቤት የሚቀባው ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ ስላለበት ዓሣ ይገድላል፤ ስለዚህ ንጹሑን ተጠቀምን። አዲሱን መስታወት ስናስጠጋ እሳቸው ትንፋሻቸውን ያዙ፣ እኔም ያዝኩ፤ ሲገባ እኩል ቡፍ አልን። እዚያው ተሳሳቅን። እንደዚያ ቀን አምሮብን አብረን ሠርተን አናውቅም።

ሲሊኮኑ እስኪጠነክር እሳቸው ሆቴሉ ውስጥ ሰነበቱ፣ እኔ ከሎጊያ እየተመላለስኩ አየሁት። ውሃ የተሞላ ዕለት አቶ ደረጀ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ ልክ እንደ ዳኛ ሰዓቱን ያያል። ሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፈናል። ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ ሞላ። ካርቶኑ ላይ አንድ ጠብታ የለም።

«ሀስና!» አለ አቶ ደረጀ እጁን እያጨበጨበ። «ዳንሽ! ሁለተኛ በእንጨት እንዳትጠጊው ብቻ!»

«እሺ» አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ሲለቅቃት አየሁ። የአጎቷን ስም እየጠራች ወደ በሩ ሮጠች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሁላችንም እንጀራችንን እንበላ ነበር፤ አምባዛውም ጭምር።

ማምሻው ላይ ዕቃዬን ሸክፌ ስወጣ ዓሊ ከጥበቃ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈክቷል። አጠገቡ ያለውን ድንጋይ በመዳፉ ጠረገልኝ።

«ቁጭ በል። ተሸክሜው የቆየሁት ነገር ነበር፣ አሁን ቀለለኝ። ዳጉ ንገረኝ። ከሎጊያ ምን ሰማህ?»

የሰማሁትን ነገርኩት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፉ።

«እዚህስ ምን አየህ? ሣጥኑን ፈትተህ ስትሠራ ምን አየህ?»

እንግዲህ እዚህ ጋ ፍረዱኝ። ዓሊ የጠየቀኝ ስለ ሙያው ለማወቅ ብሎ ነው፤ ምንም አልጠረጠረም። «ስንጥቅ አይቼ አበጀሁ» ብል ያልፍ ነበር። ግን ይህ ሰው ለዓመታት እውነት ብቻ ሲመግበኝ የኖረ ነው። የእህቱ ልጅ ባልሠራችው ጥፋት አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠይቃለች፣ እሱም ሽማግሌ ፊት ስለሷ ተንበርክኳል። ይህን ሸክም ላወርድለት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ። የጋሽ በላቸውን አደራ ደግሞ ለዓሊ ብቻ፣ በጆሮው ብነግረው አይጎድልም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

«ሀስና አልሰበረችውም» አልኩት።

አልተንቀሳቀሰም። «አየህ ወይስ ሰማህ?»

«በዓይኔ አየሁ። አቀማመጡ ነው የሰበረው። እሷ አልነካችውም።»

ይደሰታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አፈሩን ማየት ጀመረ።

«እኔ ጠይቄያት ነበር» አለ።

«ባለቤቱ አስፈራርቷት ነዋ ዓሊ። ምን ታድርግ?»

«ባለቤቱ አልነበረም። ቤት ውስጥ፣ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ዳጉ ነው የጠየቅኋት። መታሁት፣ በእጄ ነው አለችኝ።»

ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ።

«እኔም ያንን ቃል አድርሻለሁ» አለ። «ለዘመዶቿ፣ ለሽማግሌዎቹ። አሳይታ ድረስ ሄዷል። በኔ አፍ።»

«ተወው በቃ። እኔም አልነገርኩህም፣ አንተም አልሰማህም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ከማንም ደንበኛ አይቼው አላውቅም። «የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ላድርግ?»

ብዙ ለመንኩት። «አድርሻለሁና ማስተካከል አለብኝ» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስደርስ ወሬው ከኔ ቀድሞ ነበር። አቶ ደረጀ እንግዳ መቀበያው መሐል ቆሞ ጋሽ በላቸው ላይ ይጮህባቸዋል። ሠራተኛው ሁሉ ቆሟል፣ እንግዶችም ከነሻንጣቸው ቆመዋል።

«አንተ ነህ የሰበርከው! በስልክ ደግሞ ሳይመታ አይሰነጠቅም ትለኛለህ! በሽምግልናህ አታፍርም?»

እኚያን ሰው አንተ ሲላቸው የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ጋሽ በላቸው ሻንጣቸውን አንስተው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«መስታወት እኔ አስተማርኩህ» አሉኝ በዝግታ። «ወሬ ማቀበል ማን አስተማረህ?»

መኪና ድረስ ልሸኛቸው ብዬ ስከተላቸው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ከዚያ ወዲህ ደውዬላቸው አንስተው አያውቁም። አዋሽ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፤ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው «የሉም ልጄ» አሉኝ። ከውስጥ አልማዟ መስታወት ላይ ስትሳብ ይሰማኛል።

የሀስና ደግሞ እንዲህ ሆነ። አቶ ደረጀ ጋሽ በላቸውን ሸኝቶ ወደሷ ዞረ። ይቅርታ ጠይቆ ይክሳታል ብዬ ነበር፤ ሰው መስሎኝ።

«አንቺስ?» አላት። «ያላደረግሽውን አደረግኩ ካልሽ፣ ያደረግሽውን ደግሞ አላደረግኩም ትያለሽ። የክፍል ቁልፍ የማስረክበው ላንቺ ነው? ዕቃሽን ያዢ።»

«አቶ ደረጀ፣ ነፃ ናት እኮ!» አልኩ።

«ሰማሁ። ነፃ ናት፣ ትሂድ።»

ግቢው ውስጥ ደረስኩባት። ልብሷን በፌስታል እየከተተች ነበር።

«ለአጎትሽ እንኳ እውነቱን ለምን አልነገርሽውም?»

«አልሰበርኩም ብለው ምን ያደርጋል? ገብቶ ይጣላል። ይጣላና ሁለታችንም እንባረራለን። እሱ ቤት ልጆች አሉት።» የፌስታሉን አፍ አሰረች። «ይቅርታ ጠይቄ ሥራዬን ይዤ ነበር። አልቆ ነበር ታደሰ። አንተ ምን አገባህ?»

ፌስታሉን ልሸከምላት እጄን ዘረጋሁ፤ ራሷ ይዛው ወጣች።

ከሥራው በላይ የጎዳት ሌላ ነገር ነው። ማንም ክፉ አልተናገራትም፣ ማንም እጁን አላነሳባትም። ሰው መንገድ ላይ ያገኛታል፣ ሰላም ይላታል፣ ምን አየሽ ምን ሰማሽ ሳይላት ያልፋል። ዓሊም ጭምር። ያደረገችው ለሱ ብላ መሆኑን ነግሬዋለሁ። «አውቃለሁ» አለ። «ለኔ ብላ ነው። ግን የሷን ቃል ለሌላ ሰው እንዴት አደርሳለሁ?» ይህን ሲለኝ ድምፁ እንደ ታማሚ ነበር። ብዙ ሳትቆይ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚሄድ መኪና ወጣች።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ እውነት ተናገሩ እየተባላችሁ አድጋችኋል። እኔም እንዳትናገሩ አልመክርም፤ ለመምከር ማን ሆኜ። ግን እውነት ሊወጣችሁ ሲል አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የማን ናት? ያቺ እውነት የኔ አልነበረችም። የሀስና ነበረች፤ እሷ ደግሞ አስልታ፣ መዝና፣ ዋጋዋን ከፍላ ቀብራት ነበር። እኔ ነጋዴው የማላውቀውን የሰው ዕቃ ከመጋዘን አውጥቼ በነፃ አደልኩ። አልፎ አልፎ ደግሞ ሐሳቤ ይገለበጣል፤ ዝም ብል ኖሮ ልጅቷ በየቀኑ ያን ሣጥን እየወለወለች ባልሠራችው ስትሸማቀቅ ትኖር ነበር እላለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። የተለወጠው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ድሮ ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ይቀድመኝ ነበር፣ አሁን ጠያቂውን አየዋለሁ። ሰዎች ታደሰ ኮራ፣ ተዘጋ ይሉኛል። ይበሉ።

ሣጥኑ እስካሁን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም። ከቀያዮቹ ዓሦች ግን አንድም አልቀረም፤ አምባዛው ብቻውን ይዋኛል፣ በጣም ወፍሯል።

በቅርቡ ለመስኮት ሥራ እዚያው ሆቴል ሄጄ ዓሊን አገኘሁት። አሁንም ድንጋዩን ጠርጎ ያስቀምጠኛል፣ አሁንም ይጠይቀኛል፤ በኔ ላይ ያለው እምነት አልጎደለም፣ ይህ ነው የሚያመኝ። ስለ ዝናቡ ነገረኝ፣ ስለ ግመል ዋጋ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ስለቆመው መርከብ፣ ታጁራ ውስጥ ስለወለደች አንዲት የሩቅ ዘመዱ።

«የሀስናስ?» አልኩት።

ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ» አለ። «ወሬዋን ይዞ የመጣ ሰው የለም።»